ሸምሲያ በብስክሌት ትምጣ ወይስ ትከልከል

ባሕር ዳር፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል። የንጋት ልብስ ሰፊዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ኮሚቴ፣ አዳራሹ ስለሚወብቅ፣ ወደ ሐይቁ በዞረው በረንዳ ተሰበሰበ።

የተገኙ፦
ጓድ አንዳርጋቸው፣ ሊቀመንበር
መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ
ሐጂ ሙሀመድአወል፣ ገንዘብ ያዥ
እናትዓለም፣ ጸሐፊ

ኮሚቴው አራት ነው፤ አራታችንም ስላለን ምልአተ ጉባኤው ሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ ሸምሲያ ጉዳይዋ ስለሚታይ ከነብስክሌቷ ተጠርታ ቆማለች።

አጀንዳ 1፦ በሸምሲያ ላይ የቀረበ ክስ

ሊቀመንበሩ፣ ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ሲመጡ ሸምሲያ ቃጭሏን እያቃጨለች እንደምትቀድማቸው፣ ትናንትም ደንግጠው ቦይ ውስጥ እንደገቡ አስረዱ። «ሠራተኛ መሪውን ከቀደመ ማን ማንን ሊመራ ነው?» ሲሉም ጠየቁ። ሐጂ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ቀደም ብለው ቢነሱስ?» አሉ። ሐሳቡ ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ።

ሸምሲያ፣ ሹም አቦ ሰፈር ቤቷ የምትተወው ጨቅላ ልጇ ጡጦ እንቢ ማለቱን፣ በምሳ ሰዓት ደርሳ አጥብታ መመለስ የምትችለው በብስክሌቱ ብቻ መሆኑን፣ ከተከለከለች ሥራውን እንደምትለቅ ተናገረች። መሪጌታ፣ «ሕፃኑ ወደዚህ አይመጣም?» ቢሏት፣ «በምን ይምጣ የኔታ፣ በብስክሌት?» አለች። ጸሐፊዋ አልሳቅሁም፤ አቧራ ነው ያሳለኝ።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ሁለት ለሁለት ብንሆንም የሊቀመንበሩ ድምፅ እንደ ሁለት ተቆጥሮ፣ ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ብስክሌት ላይ የሚወጣ ማንኛውም የማኅበሩ ሰው የሳምንት ደመወዙን እንዲቀጣ ተወሰነ። ሸምሲያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

አጀንዳ 2፦ በብስክሌት ወደ ሥራ መሄድ ስላለው ጥቅም

ይህ ከበላይ አካል የወረደ ነው፤ ጥቅሙ በተግባር ተረጋግጦ ዛሬውኑ ሪፖርት ይደረግ ይላል። ሐጂ፣ ነዳጅ አይጠጣም አሉ። መሪጌታ፣ በቅሎም አትጠጣም ሲሉ ተቃወሙ። ሌላ ጥቅም የሚያውቅ ጠፋ። ሸምሲያ ብትጠየቅ፣ «አሁን የከለከላችሁትን ነገር ምን ይጠቅማል ብየ ልናገር?» አለች።

የሚሞክር ሰው ተፈለገ። መሪጌታ ጾሙን፣ ሐጂ ጉልበታቸውን አመካኙ። ጸሐፊዋ እጄን ባወጣም አልታየሁም። ሊቀመንበሩ፣ «እንግዲህ እኔው መሥዋዕት ልሁን» ብለው ሱሪያቸውን ካልሲያቸው ውስጥ ከተው የሸምሲያ ብስክሌት ላይ ወጡ። እየተንገዳገዱ በሐይቁ ዳር ሄዱ። አልተመለሱም።

የምሳ ሰዓት ደረሰ። ሸምሲያ በሩ ላይ ቆማ፣ «ኧረ ልጄ በለቅሶ ሞተ!» ትላለች። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ላባቸው እየተንቆረቆረ መጡ። ነፋሱ ግሩም መሆኑን፣ የወገባቸው ሕመም እንደተዋቸው፣ እስከ ዓባይ ድልድይ ደርሰው በእግሩ የሚሄድ የሌላ ማኅበር ሊቀመንበር እንደቀደሙ በታላቅ ደስታ ገለጹ። «ቦይ ውስጥ ገባ!» አሉ። ሁሉም ጥቅም ተብሎ ተመዘገበ።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

ሐጂ፣ በአጀንዳ 1 መሠረት ጓድ ሊቀመንበር የሳምንት ደመወዝ ተቀጪ መሆናቸውን አሳሰቡ። ረዥም ውይይት አላስፈለገም። ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ የጥቅሙ ሪፖርትም አብሮ እንዲሠረዝ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ስብሰባው 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ተበተነ። ውሳኔውን ለሸምሲያ እንዳነብላት ታዝዤ ነበር፤ እሷ ግን «ይውረዱልኝ እንጂ!» ብላ ሊቀመንበሩን ካስወረደች ቆይታለች፤ በብስክሌቷ ሹም አቦ ሳትደርስ አልቀረችም።