ለጋሽ ሰይድ የሰጠሁት ክኒን

ሞኝነቴን ከሰው አፍ ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ። «እኔን አድኖኛል፣ አንተም ሞክረው» እያሉ ክኒን በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አላጋጠሟችሁም? አንዱ እኔ ነኝ። አቃቂ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነኝ፤ ስለ መድኃኒት የማውቀው ቀለሙን ብቻ ነው።

አንድ ቀን አስም ያለባቸው ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ «ልቤ ድው ድው አለብኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ለልብ ምት የታዘዘልኝ ክኒን አለኝ። አንዷን አወጣሁና እንደ ፕሮፌሰር ኮስተር ብዬ «ከምግብ በኋላ» አልኳቸው።

በዋጧት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትንፋሽ አጠራቸው። በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒታቸውን ቢስቡ፣ ደግመው ቢስቡ፣ ወይ ፍንክች! በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። በስንት መከራ ትንፋሻቸው ተመለሰ።

የሰጠኋቸውን ክኒን ሳሳያት ነርሷ አፈጠጠችብኝ። «ሳንባችን ላይ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ያለ ነገር አለ፤ ሪሴፕተር ይባላል። የሚስቡት መድኃኒት ቁልፉ ነው፤ ገብቶ ይከፍትና የአየር መንገዱን ያሰፋል። ያንተ ክኒን እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ግን አይከፍትም፣ ሌላውንም አያስገባም። ልብህንም የሚያረጋጋልህ እንደዚሁ ዘግቶ ነው።»

ሳይከፍት በር ዘግቶ የሚቆም? ቁርጥ እኔን!

ወጥቼ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፦

«ሐኪም ያዘዘለትን እኮ ለምኜ፣ ተቆጥቼ ነው የማስውጠው። ያንተን ግን ምንድነው ብሎ እንኳን አልጠየቀም።»