መልቲሜትር ለመግዛት ከበሬ መራጭ ጋር

መልቲሜትር ገዝታችሁ ታውቃላችሁ? ያ መዳፍ የሚያክለው፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ያለው፣ የባትሪና የመብራት ጉልበት የሚለካው ዕቃ ማለቴ ነው። ካልገዛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። እኔ ወረታ ላይ ራዲዮና ድምፅ ማጉያ ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው፤ ያለሱ ጠረጴዛዬ ላይ አልቀመጥም። ሽቦ ውስጥ ያለውን ነገር በዓይኔ አላየውም፤ እሱ የነገረኝን ነው ለሰው የምናገረው። እሱ ከዋሸ እኔም ዋሸሁ ማለት ነው።

ዋሸም። ያውም በሰኔው የማርያም ንግሥ።

የደብራችን ድምፅ ማጉያ መብራት ሲጠፋ በመኪና ባትሪ ነው የሚሠራው። መብራቱ ደግሞ መቼ እንደሚጠፋ እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ሰው በተሰበሰበ ቀን ነው። መሪጌታ ሐዲስ በዋዜማው ባትሪውን አስይዘው መጡና ለነገ ይበቃን እንደሆነ እይልን አሉኝ። ለካሁት። ቁጥሩን ሳየው ደስ አለኝ። ነገን ቀርቶ ከነገ ወዲያንም ያዘልቃል አልኳቸው።

በማግስቱ መብራቱ እንደ ልማዱ ጠፋ፣ ባትሪው ተተካ፣ መሪጌታ ማስተማር ጀመሩ። "ልጆቼ፣ በዚህ ዘመን ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገን አንድ ነገር ነው፤ እሱም" አሉ፤ ድምፅ ማጉያው ጭጭ አለ። ያን ሁሉ ሕዝብ በባዶ ጉሮሮ ማዳረስ እንዴት ይቻላል? ከፊት የነበሩት እንኳ በልጆች ጩኸት አልሰሙም። ሕዝቡ የሚያስፈልገውን ነገር ሳያውቅ ወደ ቤቱ ገባ።

መሪጌታ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም። ለኅዳር ጽዮን ግን ከባሕር ዳር ሰው ብናስመጣ ምን ይመስልሃል ብለው በለሆሳስ ጠየቁኝ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። የገዛ ደብሬ፣ ክርስትና የተነሣሁበት ደብር፣ ለአንድ ባትሪ ከሌላ ከተማ ሰው ሊያስመጣ ነው።

"እስከ ኅዳር ጽዮን ይታገሡኝ፤ ያን ቀን ቢቋረጥ ሱቄን በገዛ እጄ እዘጋለሁ" አልኳቸው። የምሬን ነው ያልኩት።

ስለዚህ አሮጌውን መልቲሜትር ላሰናብት፣ አዲስ ልገዛ ቆረጥኩ። በወረቀት ላይ ምን እንደምፈልግ ጻፍኩ፤ ሽቦው ወፍራም ይሁን፣ ውስጡ ፊውዝ ይኑረው፣ ከሁሉ በላይ አይዋሽ። እናቴ ይህን ስትሰማ ብቻህን አትሄድም አለች። ትታለላለህ ማለቷ ነው፤ ባለሱቋ ታታልልሃለች። ወንድሟን አያ ደሴን ይዘህ ሂድ አለችኝ።

አያ ደሴን ፎገራ ሜዳ ላይ የማያውቅ ሰው የለም። በሬ የሚገዛ ሁሉ እሳቸውን ሳይዝ ገበያ አይወጣም። ስለ መልቲሜትር ግን የሚያውቁት ነገር የለም፤ የእጅ ስልካቸውን እንኳ የምትከፍትላቸው ልጃቸው ናት። እምቢ ልበል ብዬ ነበር። እናቴን እምቢ ማለት ግን ከመልቲሜትር መምረጥም ይከብዳል።

ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ባለሱቋ ሁለት ዓይነት አወጣችልን። አያ ደሴ አንዱን አንሥተው ክብደቱን በእጃቸው መዘኑ። ገለበጡት። ጀርባውን መታ መታ አደረጉ። ሽቦውን ጎተቱ። ባለሱቋ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ወረቀቴን አውጥቼ ስለ ፊውዙ መጠየቅ ስጀምር አያ ደሴ እጃቸውን በትከሻዬ ላይ አኖሩ።

"አሮጌውን ይዘኸዋል?"

በኪሴ ነበር። አወጣሁት።

"እንግዲያው አጥምዳቸው።"

የሳቸው ደንብ ነው። አዲስ በሬ ከሚታወቅ በሬ ጋር ተጠምዶ ጥቂት ትልም ሳይሄድ አይገዙም፤ የቀንዱ ማማር፣ የሻኛው ትልቅነት አያታልላቸውም። ምን አማራጭ አለኝ? ባለሱቋ የሞተር ብስክሌት ባትሪ ሰጠችን፤ ሦስቱንም መልቲሜትሮች ባንድ ባትሪ ላይ አሳረፍኳቸው። ሁለቱ አዲሶቹ አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ አሉ። የእኔው አሮጌ አሥራ ሦስት ነጥብ ስድስት አለ።

አየሽ፣ ሐሰተኛውን ያዝኩት ብዬ ለባለሱቋ ነገርኳት። በቃ፣ የሚጣል ነው አልኩ። አያ ደሴ ግን አሮጌውን አንሥተው ዓይናቸው ሥር አቀረቡት።

"ይኸ ምን ይበላል?"

የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው፣ ሆዱ ውስጥ ይገባል አልኳቸው።

"መቸ አበላኸው?"

አስታወስኩ። ከገዛሁት ሦስት ዓመቱ ነው፤ አንድም ቀን ቀይሬለት አላውቅም። መስተዋቱ ጥግ ላይ ትንሽ የባትሪ ምልክት ትታይ ነበር። ምን ማለት እንደሆነች አላውቅም አልላችሁም፤ አውቃለሁ። የውስጡ ባትሪ ሲደክም ቁጥሩ እንደሚያብጥም አውቃለሁ፤ ለስንቱ ደንበኛ ነግሬያለሁ። ግን ብዙ ከመቆየቷ የተነሣ አብራ የተፈጠረች መስላኝ ነበር። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ባለሱቋ አዲስ ባትሪ ሰጠችኝ። ሆዱን ከፍቼ አስገባሁለት፣ እንደገና አጠመድኳቸው። ሦስቱም አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ አሉ።

ቢሆንም ባዶ እጄን አልተመለስኩም። አንዱን አዲስ ገዛሁ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ሁለቱን አጥምጄ ካልለካሁ ለማንም ቃል አልሰጥም ብዬ ቆርጫለሁ። የደብሩን ባትሪ በሁለቱም ለካሁ፣ ደካማ ነበር፣ ለመሪጌታ እውነቱን ተናገርኩ፣ ተቀየረ።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። መብራቱ በሰዓቱ ጠፋ። መሪጌታ ሐዲስ ተነሡ፤ በሰኔ ካቆሙበት ቀጠሉ። የሚያስፈልገን ነገር ትዕግሥት ነው አሉ። ሕዝቡ አምስት ወር ጠብቆ የሰማው ይህን ነው። ድምፁ ንጹሕ ነበር፤ ደስታዬን አልደብቃችሁም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌ ለአጥሩ ሥራ የረዱትን እንዲያመሰግኑ ማይክሮፎኑ ተሰጣቸው። ሽማግሌው አያ ደሴ ናቸው። ሁሉንም አመሰገኑና ወደ እኔ ዞሩ።

"የእህቴ ልጅ ድምፅ ማጉያችንን አበጅቶልናል፤ እግዜር ይስጠው። መሣሪያውን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያበላ ነው ሲያሠራው የኖረ" አሉ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረው ሁሉንም ተረኩት፤ ሆዱን፣ ምልክቷን፣ የባለሱቋን ሳቅ።

በማግስቱ ከርብ ወንዝ ማዶ አንድ ሰው ራዲዮ ይዞ መጣ። ንግሡ ላይ አልነበረም፤ እግሩን አሞት ቤቱ ነበር የዋለው። ራዲዮውን ከመስጠቱ በፊት መሣሪያህ ዛሬ ቁርሱን በልቷል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ወሬውን ከማን ሰማህ አልኩት።

ከማንም አልሰማም። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጠው ነው ያደመጠው። ሥራዬ እንዲህ የተዋጣ ነበር።