በግ የበላ ሰው ጠበቃ ይይዛል ወይ?

ኧረ ቆዩኝማ፣ ሳቄን ልዋጥ! ዋናው ነገር ከኋላ ነው ያለው፤ እስከዚያ ታገሱኝ፣ ትስቃላችሁ።

ሰው ጠበቃ መያዝ ለምን እንደሚፈራ ታውቃላችሁ? እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረሁት፣ ይቺን ግን አውቃለሁ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ጎረቤት «አላህ ያሽርህ» ይላችኋል። ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ ግን «ከማን ጋር ተጣላህ?» ነው። ስለዚህ እጁ የተቆረጠው ሰውዬ ዝም ይላል፤ የቆረጠው ማሽን ብቻ ይጮኻል።

የእህቴ ልጅ ከማል፣ የሁለት ልጆች አባት፣ አሶሳ ዳር ባለ እብነ በረድ መቁረጫ ቤት ሦስት ዓመት ሠርቷል። ውል የሚባል ወረቀት የለም። ጠዋት ስሙ ይጠራል፣ ማታ ይሸኛል፣ በቃ። አንድ ማክሰኞ መጋዙ የቀኝ እጁን ሁለት ጣት ወሰደበት።

ፋሻው ሳይፈታ የመቁረጫ ቤቱ ባለቤት አቶ ታፈሰ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ላቱ መሬት ሊነካ የደረሰ በግ እየጎተተ መጣ። እሱ ክርስቲያን፣ እኛ እስላም ነንና ቢላዋ እንዳይለያየን ብሎ በቁሙ ነው ያመጣው። ወግ ያውቃል። በእኛ ሰፈር ደግሞ በግ ይዞ የመጣ ሰው ገመዱን ከማስረከቡ በፊት ጥፋቱን ጮክ ብሎ ይናገራል። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ «ልጃችሁ በእኔ ማሽን፣ በእኔ ሥራ ላይ ተጎድቶብኛል፤ አሳክመዋለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አለ። ጎረቤታችን ሼህ ኢድሪስ፣ የቤርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፣ ገመዱን ተቀብለው ቢስሚላህ ብለው አረዱ። እኔ ቀቀልኩ። መረቁን ሳስበው ዛሬም ምራቄ ይመጣል፤ ምን ልዋሽ!

ወር አልሞላም። ሐኪሙ «እጁ እንደገና ካልታከመ የቀሩት ጣቶች ደርቀው ይቀራሉ» ብሎ ጻፈ። ከማል ወረቀቱን ይዞ ሲሄድ አቶ ታፈሰ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «አንተ የእኔ ሠራተኛ አይደለህም፤ ድንጋይ ልታይ ገብተህ ነው የተቆረጥከው።» ሦስት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲያይ!

ሚስቱ ሐዋ «ጠበቃ እንያዝ» አለች።

«የሰውየው በግ ከጥርሳችን ሳይወጣ? ምን ይሉናል?» አልኳት።

«እትዬ ዘሃራ፣ በጉ ጣት ያበቅላል?»

ነጠላዬን አንስቼ ተከተልኳት።

ጠበቃዋ ልጅ እግር ናት፣ ቢሮዋ ከገበያው ጀርባ። «ሠራተኛው እንደነበረ ማን ይመሰክራል?» አለችን። አብረውት የሚሠሩት እንጀራቸውን እንዳያጡ ይፈራሉ። ተያየን። እኔ ደግሞ ዝምታ ያሳክከኛል፤ ኋላ ከምንዋረድ ብዬ ጉዳችንን ዘረገፍኩት።

«ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ በጉን በልተንበታል። አጥንቱን ሳይቀር ግጠናል። በምን አፋችን እንከሰዋለን?»

ልጅት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ገመዱን ሲሰጣችሁ ምን አለ?»

ነገርኳት።

«እስቲ ይድገሙልኝ፣ እናቴ።»

ደገምኩላት። እሷ ትጽፋለች፣ እኔ አፌን ከፍቼ አያታለሁ። ወር ሙሉ ስንሸማቀቅበት የከረምነው በግ፣ ለካ ታፈሰን «በእኔ ሥራ ላይ ተጎዳ» ያሰኘልን እሱ ኖሯል!

ግን የእኛ የቤተሰብ ቃል ብቻውን ሚዛን አይደፋም፤ ሼህ ኢድሪስ ያስፈልጋሉ። ሽማግሌ ደግሞ የዕርቅ ቃል ለዳኛ አያወጣም። ብንለምናቸው «አስባለሁ» ብቻ አሉ። አማርኛቸው ጥቂት ነው፣ ያቺኑም ቆጥበው ነው የሚያወጧት። ከማል ያን ሳምንት እጁን ፀሐይ ላይ ዘርግቶ፣ የቀሩትን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፈ እየዘረጋ ዋለ።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ቀን ሼህ ኢድሪስ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከች አሉ። ገና ቆመው ሳይናገሩ አቶ ታፈሰ ዳኛ ፊት መሆኑን ረስቶ ብድግ አለ፦

«ሼህ! በጌን በልተው ሊመሰክሩብኝ ነው?»

ዳኛው ሊቆጣው አፉን ሲከፍት፣ ሼህ ኢድሪስ በእጃቸው «ተወው» ብለው፣ ወደ ታፈሰ ዞረው፣ በዚያች ቁጥብ አማርኛቸው እንዲህ አሉት፦

«ታፈሰ ልጄ፣ የበላነው ምላስ የበጉ ነው። የኔ ምላስ እዚህ አለ።»