የአቶ አለነ ሆድ ወኪል

ምግብ ሲቀርብለት እንቢ ማለት የማይችል ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ የምትሉ ካላችሁ አድራሻውን ስጡኝ፤ ዕቃዬን ጭኜ ዛሬውኑ እገባለሁ። እዚህ እስራኤል አገር፣ የእኛው የቂርያት ማላኺ ከተማው ግን ከሁሉም ይበልጣሉ። ክቡር አቶ አለነ ይባላሉ፤ ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው ይኖራሉ፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ቀርቷቸዋል። በዚህ ሁሉ ዕድሜያቸው «በቃኝ» ሲሉ የሰማ ሰው እስካሁን አልተገኘም።

ሆዳም ናቸው እንዳትሉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ሚሪያም ይመስክሩ፤ አቶ አለነ ቤታቸው ውስጥ የሚበሉት ለድመት አይበቃም። ጣጣው የሚጀምረው ደጅ ሲወጡ ነው። ገዴራ ከተማ ብሪት፣ የግርዛት ድግስ፣ ካለ አቶ አለነ አሉ። ያቭኔ ለቅሶ ካለ አቶ አለነ አሉ። አንድ ጊዜ ቤኤር ቱቪያ ካሉት አዳራሾች አንዱ ውስጥ የዘመድ ሰርግ ብለው ገብተው፣ ሰርጉ የማያውቋቸው ሞሮኮዎች ሆኖ ተገኘ። ስህተታቸውን ያወቁት ሁለተኛው ሳህን ላይ ነበር። «ሰዎቹ አንዴ ካቀረቡ በኋላ ትቶ መውጣት ነውር ነው» ብለው እስከ ጣፋጩ ቆዩ። የሙሽራው አያት እስከ ዛሬ በበዓል በበዓሉ ይደውሉላቸዋል።

እንግዲህ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ሐኪሞች የእኚህን ሰው ጨጓራ ቆርጠው የሙዝ ያህል አደረጉት። በዕብራይስጥ ሻርቩል ይሉታል፤ እጅጌ ማለት ነው። አርባ ኪሎ ወረደላቸው። ሱሪዎቻቸው ሁሉ ለእኔ ተላለፉ፤ አንዱንም ለብሼው አላውቅም፤ ድንኳን ነበሩ። እጅጌው ግን ጉርሻ በጉርሻ ሰፋና ሠላሳው ኪሎ ተመልሶ መጣ፤ ብቻውንም አልመጣም፣ ቃር ይዞ መጣ። አቶ አለነ ጋደም ካሉ ቃሩ እስከ ጉሮሯቸው ወጥቶ ያንቃቸዋል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ አልተኙም፤ ሳሎን ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነው የሚያድሩት። «እኔ ያገባሁት ባል ነው ዘበኛ?» ይላሉ ወይዘሮ ሚሪያም። ሲሉት ያስቃሉ፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

ሐኪሙ መፍትሔው ሁለተኛ ኦፕራሲዮን ነው አለ። ጨጓራው እንደገና ተሠርቶ አንጀቱ በሌላ መንገድ ይገጠማል፤ ቃሩም በዚያው ይለቃል። ግን በሁለት ወር ውስጥ ስድስት ኪሎ መቀነስ አለባቸው። ያ ካልሆነ ጉበቱ ገዝፎ መንገድ ስለሚዘጋ ቀጠሮው ይሰረዛል፤ ተራው ለሌላ ይሰጣል፤ አቶ አለነም ቢያንስ አንድ ዓመት ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ።

ያቭኔ ያለችው የምግብ ባለሙያ፣ ናአማ የምትባል ገዴራ የተወለደች የእኛው የኢትዮጵያውያን ልጅ፣ የሚበሉት ሁሉ የሚጻፍበት ደብተር ሰጠቻቸው። የአቶ አለነ ዕብራይስጥ ለጨዋታ እንጂ ለጽሕፈት ስለማይሆን ጸሐፊነቱን እኔ ተሾምኩ። መኪና ስላለኝ ሾፌርነቱም ተደረበልኝ። ከሥራ ስመለስ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «ጠዋት ሻይ ያለ ስኳር። ቀን አንድ እንቁላል በኪያር። ማታ የምስር ሾርባ።» በሁለተኛው ሳምንት ናአማ ደብተሩን አይታ ልትሸልማቸው ምንም አልቀራትም። ከዚያ ሚዛን ላይ ወጡ። ሁለት ኪሎ ጨምረዋል።

ናአማ ሌላ ሚዛን አስመጣች። እሱም ሁለት ኪሎ አለ።

«ጋሼ አለነ፣ ስሊሓ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የበሉት ይሄ ብቻ ነው?»

«ይሄው ብቻ።»

«ማክሰኞ የት ነበሩ?»

«የአንዳርጌ ልጅ ዐሥራ ሦስት ሞልቶት፣ ባር ሚጽቫው ድግስ ላይ።»

«እና እዚያ አልበሉም?»

አቶ አለነ በጥያቄው ደነገጡ። «እሱማ ማክበር ነው እንጂ መብላት መች ሆነ!»

ነገሩ ያኔ ተገለጠልን። በእሳቸው ሕግ ምግብ የሚባለው ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ፈቃዱ የሚበላው ነው። ሰው ቤት «በሞቴ» ተብሎ የገባ ጉርሻ የአጉራሹ እንጂ የጎራሹ አይደለም፤ ስለዚህ ደብተር ውስጥ አይገባም። ናአማ ግንባሯን ይዛ «ኡፍ፣ አባቴም እኮ እንደዚህ ነው» አለች። ቀጥላም ፈረደች። «ቤሰደር፣ እሺ። ከዛሬ ጀምሮ ግብዣ የለም።»

«ልጄ፣ ለቅሶ ይቀራል እንዴ?»

«ሄደው አይብሉ።»

«ሄዶ አለመብላት ከመቅረት ይብሳል።»

«እንግዲያስ ሰው ይላኩ!»

ልጅቷ የተናገረችው ተናዳ ነው። አቶ አለነ ግን የሐኪም ትእዛዝ አድርገው ተቀበሉት፤ ቀስ ብለውም ወደ እኔ ዞሩ።

በዚህ ሁኔታ የአቶ አለነ ሆድ ወኪል ሆንኩ። ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። ገብቼ «ጋሼ አለነ ልከውኝ ነው» እላለሁ፤ ሁለት ሳህን ይመጣል፤ አንዱ የእኔ፣ ሌላው የላኪዬ። የእኔን ብተው ይቅር ይሉኛል፤ የእሳቸውን ብተው ግን እሳቸውን አዋረድኩ ማለት ነው። ስመለስ ደግሞ ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ደገምክ?»

«ደገምኩ፣ ጋሼ።»

«አምባው ልጄ፣ ጓዳ ገብተህስ ሴቶቹን አመሰገንክ?»

«እሱን ረሳሁ።»

«ወይ አንተ!» ይሉና ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እንደገና ነድቼ ሄጄ አመስግኜ የመጣሁበት ቀን አለ። ሳመሰግን ደግሞ ሌላ ሳህን ቀረበልኝ።

እሳቸው አራት ኪሎ ሲቀንሱ እኔ አምስት ጨመርኩ። ቤኤር ቱቪያ አንድ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ መኪና ነጂ ነኝ፤ የመቀመጫው ቀበቶ አልደርስ አለኝ። አለቃዬ ዚቭ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ ተመለከተኝና «ይሄ ማሽን እኮ የክብደት ገደብ አለው» አለኝ። ከሁሉም ያበሸቀኝ ግን ሌላ ነው። የትም ቤት ብገባ፣ ገና ጫማዬ ደጃፉን ሳያልፍ፣ የምጠየቀው «አለነስ?» ነው። ሁለት ሰው ያህል እየበላሁ እንኳን የአንድ ሰው ያህል አልታየሁም።

የመጨረሻው ሚዛን ሰኞ ነበር። እሑድ ጠዋት በወይዘሮ ሚሪያም ሚዛን ስንለካ ሦስት መቶ ግራም ብቻ ቀርቷቸዋል። ያን ቀን የማታውን ሾርባ እንኳ ካልነኩ ይሞላላቸዋል። እንዳጋጣሚ ደግሞ እሑድ ገዴራ ላይ የወይዘሮ ሸዋነሽ ባል የአቶ ዘሩ የሙት ዓመት ተዝካር ነው። ወይዘሮ ሸዋነሽ ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ወጥ ሲሠሩ ጨው መጨመራቸውን ይረሱና ደግመው ይጨምራሉ፤ ያንንም ይረሱታል። ይህን አገር ስለሚያውቅ የእሳቸው ድግስ ቀን ሰው ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። እኔ ሁለት ትልልቅ ጠርሙስ ውሃ መኪናው ውስጥ ጥዬ ልነሣ ስል፣ አቶ አለነ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ወረዱ።

«ለዚህስ ወኪል አይላክም።»

«ጋሼ፣ ሦስት መቶ ግራም እኮ ነው የቀረን! ጨው ደግሞ ውሃ ይይዛል፤ ናአማ ራሷ ነግራናለች!»

«ያላ፣ ንዳ።»

መንገዱን ሙሉ ለመንኳቸው። እንደደረስን ቤቱ ውስጥ ያገኘነው ሁለት የጎረቤት ሽማግሌዎች ብቻ ነው፤ እነሱም ገና ስንቀመጥ ተነሥተው ሄዱ። ወይዘሮ ሸዋነሽ የእኔን ሳህን አስቀድመው ሰጥተውኝ፣ የአቶ አለነን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። አቶ አለነ ሳህኑን አዩት፤ ወይዘሮ ሸዋነሽንም አዩዋቸው። እኔ እጄን ልሰድ ስል ያዙኝ።

«እታለም ሸዋነሽ» አሉ። «አልችልም። በቃኝ።»

ወይዘሮ ሸዋነሽ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አቶ አለነ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ወንበሩን፣ ቃሩን፣ የነገውን ሚዛን፣ ሁለት ዓመት ከሚስታቸው ጎን አለመተኛታቸውን። ሲናገሩ እንደ ጥፋተኛ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

«አንተ ሞኝ» አሉ ወይዘሮ ሸዋነሽ። «ጨው እንደሚበዛብኝ የማላውቅ መስሎህ ነው? ልጆቼ በየሳምንቱ ይነግሩኛል። ደህና ነው እያልክ የምትዋሸኝ አንተ ብቻ ነህ።»

«ታዲያ ለምን በሞቴ ትይኛለሽ?»

«ሌላው ሰው ቶሎ በልቶ ቶሎ ይሄዳላ! አንተ ጨጓራህ ከተቆረጠ ወዲህ አንድ ሳህን ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብሃል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዘሩ ታወራልኛለህ። እሱን ብዬ ነው የማበዛልህ። አሁንም ተቀመጥ፤ ባዶ አፍህን አውራኝ።»

ተቀመጡ። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ሦስት ሰዓት ተኩል አወሩ፤ ዘሩ እንዴት እንደሚዘፍን፣ ዘሩ አውቶቡስ ውስጥ ተኝቶ አሽዶድ ድረስ እንደሄደ። ወይዘሮ ሸዋነሽ እየሳቁ ያለቅሱ ነበር። እኔ ሁለቱንም ሳህን ጨረስኩ። ሁለቱ ጠርሙስ ውሃ አልበቃኝም።

ሰኞ ናአማ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ስድስት ኪሎ ከመቶ ግራም። ፈረመች። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችና «አንተም እስቲ ውጣበት» አለችኝ። እንቢ አልኩ።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ። ከወር በኋላ፣ አንድ ሰንበት ከሰዓት፣ ልጠይቃቸው ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሰው ቤት ብቻዬን መሄድ ሰልችቶኝ ነበር፤ ናፍቀውኛል። ወይዘሮ ሚሪያም በሩን ከፍተው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ በእግር ጣቴ አስኬደው እስከ መኝታ ቤቱ ወሰዱኝ። አቶ አለነ አልጋቸው ላይ ተጋድመው፣ አንድ እጃቸውን በሚስታቸው ትራስ ላይ ጥለው ያንኮራፋሉ። «ሦስት ሰዓት ሆናቸው» አሉ ወይዘሮ ሚሪያም በሹክሹክታ፤ «እየገባሁ አያቸዋለሁ።» ቶሎ ብዬ ወጣሁ።

ታች ግቢው ውስጥ ልጆች ኳስ ከግድግዳው ጋር ያላጋሉ። «ዝም በሉ» አልኳቸው፤ «ጋሼ አለነ ተኝተዋል።»

«ተኝተው ነው ወይስ ተቀምጠው?» አለኝ አንዱ። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ተኝተው ነው።»

ኳሱን አንሥተው ወደ ማዶው ግቢ ሄዱ።