ባለቤት የሌለው ቤት

[ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ያለ ዓሣ ቤት። ሀምዱ ዋይፋይ ፍለጋ ስልኩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆሟል። ጓደኛው ኑርዬ አዲስ ሽርጥ አገልድሞ ይገባል።]

ኑርዬ፦ የላክሁልህን መልእክት ለምን አታየውም?

ሀምዱ፦ በየት ላክኸው?

ኑርዬ፦ በዚያው በምናውቀው አፕ ነዋ።

ሀምዱ፦ እኔ ከዚያ ሂጅራ ካደረግሁ ከረምሁ!

ኑርዬ፦ ያረቢ! ፓስፖርት ሳታወጣ?

ሀምዱ፦ በስልክ ነው አንተ! አሮጌው የአንድ ስግብግብ ቱጃር ግቢ ነው። አዲሱ ባለቤት የለውም።

ኑርዬ፦ ሚስኪን። አላህ ደግ ሚስት ይስጠው።

ሀምዱ፦ ጌታ የለውም ማለቴ ነው! ያልተማከለ ነው።

ኑርዬ፦ ያልተመከረ? ታዲያ ሽማግሌ አይመክረውም?

ሀምዱ፦ ያል-ተ-ማ-ከ-ለ! እያንዳንዱ ጀመዓ የራሱ ቤት፣ የራሱ ደንብ አለው። ማንም በማንም ላይ አይሾምም። አንተ ግን በግ ነህ፤ እረኛ ካላየህ ሣሩ አይዋጥልህም።

ኑርዬ፦ እሺ፣ አዲሱ ዘንድ እነማን አሉ?

ሀምዱ፦ እ... አንድ ጀርመናዊ አለ። ስለ እንጉዳይ ይጽፋል።

ኑርዬ፦ ከአምባሰልስ?

ሀምዱ፦ እኔ።

ኑርዬ፦ ሰው ሁሉ ሐይቅ ገበያ ወርዶ፣ አንተ ብቻህን በሬህን እየነዳህ ገበያ ወደሌለበት አርዲቦ ወጣህ?

ሀምዱ፦ አዋቂ ይቀድማል፣ መንጋ ይከተላል!

ኑርዬ፦ ይሁን። የመጣሁት ግን ስለ ሱረያ...

ሀምዱ፦ [እጁን አንስቶ] በአሮጌው የመጣ ወሬ አልሰማም ብያለሁ! የምታገባኝ ከሆነ፣ ያለችበት ጅዳ ሆና አዲሱን ትጫነው።

ኑርዬ፦ ወላሂ ሞክራለች። አፑ «የትኛው ቤት ነሽ?» አላት። «የአባቴ ቤት» ብላ ጻፈች። እምቢ አላት።

ሀምዱ፦ [እየሳቀ] መሃይም!

ኑርዬ፦ ደወለችልህም እኮ።

ሀምዱ፦ ሲም ካርዴን ሐይቁ ውስጥ ወርውሬዋለሁ። ሲም ይሰልላል።

ኑርዬ፦ ለካ ለዓሣው ነው ስትደውል የከረመችው! «አባቴን ሌላ ሰው ጠይቆታል፤ ሀምዱ ቶሎ ሽማግሌ ይላክ» እያለች ነበር።

ሀምዱ፦ [ሳቁ ይጠፋል] ለምን አልነገርኸኝም?

ኑርዬ፦ «ሱረያ» ባልሁ ቁጥር «ወሬ አልሰማም» እያልህ አባረርኸኝ።

ሀምዱ፦ እና... አሁን የት ናት?

ኑርዬ፦ አገሯ ገባች። አንተን ብታጣህ «አንተስ አለህ?» ብላ ጻፈችልኝ።

ሀምዱ፦ ምን አልሃት?

ኑርዬ፦ ነበርሁ፤ አለሁ አልኋት። አባቷም «የሚገኝ ሰው ይሻላል» አሉ። ኒካሁ ጁምዓ ነው። የላክሁልህ መልእክት ጥሪው ነበር።

ሀምዱ፦ [ወንበሩ ላይ ዘጭ ይላል] እወዳታለሁ እኮ! እንደምወዳት ጽፌላት ነበር! ሌት ተቀን ጽፌላታለሁ!

ኑርዬ፦ የት?

ሀምዱ፦ አዲሱ ላይ።

ኑርዬ፦ ማን አነበበው?

ሀምዱ፦ [አንገቱን ደፍቶ] ጀርመናዊው። ወዶታል።

ኑርዬ፦ አብሽር፣ እሱም ሰው ነው።

ሀምዱ፦ [ብድግ ይላል] አንተ በግ! እኔን ንቀህ ነው! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም!

ኑርዬ፦ [ሽርጡን እያስተካከለ ወደ በሩ ይሄዳል] ኧረ እኔስ ማንንም አልናቅሁ። «ባለቤት የለውም» ያልኸኝ አንተው ነህ።