ዜና ገድሉ ለፓክ ሱማርዎቶ፣ የሩጫ ጫማ በመረጡ ጊዜ

ስምዑ ወለብዉ! ሐኪሙ «ስኳር አለብዎ፤ ይሩጡ፣ መሮጥ ካቃተዎት ቶሎ ቶሎ ይራመዱ» ብሎ ባወጀ በሁለተኛው ዓመት፣ በባለቤታቸው በቡ ሙርያቲ ዘመነ መንግሥት፣ ዝናቡ ሊያባራ በተቃረበበት ወራት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ሞዓ ካርቶን ዘእምነገደ ሰፋፊ እግር፣ የፖስታ ቤት ጡረተኛ፣ የዮግያካርታ ከተማ ጌጥ፣ ለጠየቀ ሁሉ ኦሆ ባይ፣ ስመ ጥሩ ፓክ ሱማርዎቶ የሩጫ ጫማና የስፖርት ልብስ ሊመርጡ ከቤታቸው ተነሡ። በእኛ በጃቫ ፓክ ማለት አባባ፣ ቡ ማለት እማማ፣ ምባክ ማለት እህት ነው። እኔም ጎረቤታቸውና የዚህ ዜና ጸሐፊ አብሬ ነበርሁ፤ በዓይኔ ያየሁትን እጽፋለሁ፣ ያላየሁትን ደግሞ ቡ ሙርያቲ በአጥር ላይ ነግረውኛል።

እኚህ ጀግና ውሻ አይፈሩም፣ ጎርፍ አይፈሩም፣ የመሬት መንቀጥቀጥ በመጣ ጊዜ ሻያቸውን ሳያፈሱ የወጡ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ከተወለዱ ጀምሮ ለአንድም ፍጡር «አይሆንም» ብለው አያውቁም። ይሉኝታ! እኛ ጃቫዎች ሁላችን ይሉኝታ አለብን፤ በእሳቸው ላይ ግን ቤት ሠርቶ፣ ወልዶ ከብዶ ይኖር ነበር። ሻጭ ልጅ ተንበርክካ፣ ክር አስራ፣ ቀና ብላ «ተመቸዎት፣ ፓክ?» ባለች ጊዜ፣ ጣቶቻቸው እየጮኹ አፋቸው «ልክ ነው ልጄ፣ እንዴት ያምራል!» ይል ነበር፤ እግራቸው ስር ለተንበረከከ ሰው እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? በዚህም ምክንያት በቁም ሣጥናቸው ውስጥ ሦስት ጥንድ አዳዲስ ጫማ ተቀምጦ ነበር፤ አንዱ አውራ ጣት የሚበላ፣ አንዱ ተረከዝ የሚልጥ፣ ሦስተኛውማ ወይ ጉድ፣ ስለ እሱስ ዝም ብል ይሻላል።

ዝም ማለት ግን አይቻልም፤ የጦርነቱ መነሻ እሱ ነውና። ያ ሦስተኛው ጫማ በትንሿ ጣታቸው ላይ ውሃ የቋጠረች ቁስል አወጣ። የታላቅ ወንድማቸው እግር ከጉልበት በታች የተቆረጠው እንዲህ ባለች ሚጢጢ ቁስል ነበር፤ ወንድማቸውም ስኳር እያለባቸው ስለ ጫማቸው «ልክ ነው፣ ልክ ነው» እያሉ ቆይተው። ቡ ሙርያቲ የባላቸውን ጣት ባዩ ጊዜ ወጥ ቤት ገብተው በሩን ዘግተው አለቀሱ፤ እኔም በአጥሩ ወዲያ ሰምቼ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። ሲወጡ ግን ፊታቸውን ታጥበው ነበር፤ በረንዳው ላይ ቆመውም ይህን አዋጅ አወጁ፦

«ስማ፣ አንተ ሰውዬ! ያለፈው ጊዜ እኔ ‹ጠቦታል› ብዬ ብናገርልህ፣ ‹ኧረ እሷን አትስሚያት ልጄ፣ ልክ ነው› ብለህ በሻጯ ፊት አዋረድከኝ። ዛሬ አፌን አልከፍትም። እግሩም ያንተ፣ አፉም ያንተ! በጠባብ ጫማ ከተመለስክ ግን የወንድምህን ክራንች ተውሼ እዚህ በር ላይ አቆምልሃለሁ፤ እየገባህ እየወጣህ እየው!»

ወእምዝ ሠራዊቱ ተነሣ። ከፊት ጀግናው፣ ከሲሚንቶ ሱቅ በነጻ የተሰጣቸውን ካናቴራ ለብሰው፣ በሞተር ሳይክላቸው ላይ፤ ከኋላቸው ቡ ሙርያቲ፣ ትልቁን ቦርሳ በጭናቸው ይዘው፣ እንደ ቃላቸው ጸጥ ብለው፤ ቀጥሎ የቡ ሙርያቲ ወንድም ፓክ ሰንቶት፣ ራሱ ሮጦ የማያውቅ ስለ ሩጫ ግን የማያውቀው የሌለ፤ ከእሱም ኋላ የማዶ ጎረቤታችን ቡ ጊያርቲ፣ የሚገዙት ነገር ሳይኖር በሱቁ የአየር ማቀዝቀዣ ሊናፈሱ የመጡ፤ በመጨረሻም እኔ፣ ፍሬኑ በፈቀደ ጊዜ በሚይዝ ብስክሌት። ከሱቁም በደረስን ጊዜ እንደ ልማዳችን ሁላችን ጫማችንን በር ላይ ደርድረን አወለቅን፤ ዘበኛውም በሳቅ እየተንፈቀፈቀ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ሱቅ እኮ ነው፣ መስጊድ አይደለም! አድርጉና ግቡ!» ብሎ አወጀ። የጀግናችን ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ መቀደዱም ያኔ ለሕዝብ ተገለጠ።

ከዚያም የልብሱ ውጊያ ተጀመረ። ፓክ ሰንቶት ከፓራሹት ጨርቅ የተሰፋ ሐምራዊ ቱታ ከመስቀያው ነጥቆ «ይሄ ነው! ውስጡ ትቀቀላለህ፣ ስኳሩ በላብ ጠብ ጠብ ይላል!» ሲል፣ ጀግናው «ጥሩ ነው» ብለው ለበሱት፤ ሲራመዱም እንደ ቺፕስ ከረጢት ተንኮሻኮሹ። ቀጥሎ አንዱ ወጣት ሻጭ ላብ የሚመጥ፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ ካናቴራ ቢያቀርብላቸው «ይሄም ጥሩ ነው» ብለው ያንንም ለበሱ፤ ቡ ጊያርቲም ከማቀዝቀዣው ስር ሳይነሡ «ውይ ፓክ፣ ሆድዎ እኮ ከእርስዎ ቀድሞ ገባ!» ብለው ለሱቁ ሁሉ አሰሙ። ጀግናው ፈገግ አሉ። ቡ ሙርያቲ ቦርሳቸውን አቅፈው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ግን ከማቀዝቀዣው ይበርድ ነበር።

ወእምዝ ምባክ ዊዳ የምትባል ጫማ ሻጭ መጣች፤ ልጅቱ ክፋት የላትም፣ ፈገግታዋ ግን ስንቱን ጥሏል። እሷም ቀይ ጫማ ይዛ፣ በጀግናው እግር ስር ተንበርክካ፣ የተቀደደውን ካልሲ እንዳላየች ሆና አጠለቀችላቸው፤ የጫማውን አፍንጫም በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ «ፓክ፣ ጣትዎ ጫፉን አልነካም? እዚህ ጋ ክፍተት መኖር አለበት፤ ሲሮጡ እግር ያብጣል» አለች። እነሆ በሩ ተከፍቶ ነበር! ልጅቱ መልሱን በእጃቸው አስቀምጣላቸው ነበር! ፓክ ሱማርዎቶ ግን በግንባራቸው ላይ ላብ እየወረደ፣ በዚያ ሁሉ ቅዝቃዜ መካከል፣ «ልክ ነው ልጄ፣ እንዴት ያምራል!» አሉ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ። ምነው እናቴ በእኔ ፈንታ ድንጋይ በወለደች፣ ይህን ከማይ!

እሳቸውም ተነሥተው እያነከሱ ወደ ገንዘብ ተቀባዩ አቀኑ። በመንገዳቸው ላይ ቡ ሙርያቲ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቃላቸውን ጠብቀው አንዲት ነገር አልተናገሩም፤ ብቻ ቦርሳውን ከፍተው ፋሻና የቁስል መድኃኒት አወጡ፣ ጭናቸውም ላይ አስቀመጡት፣ ፋሻውንም ከአሁኑ መተርተር ጀመሩ። ጀግናው ቆሙ። ፋሻውን አዩ፣ የሚስታቸውን እጅ አዩ፣ እግራቸውን አዩ። ከንፈራቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ደግሞ ተከፈተ፤ ፓክ ሰንቶት እንኳ ምክር መስጠት ረሳ። ከዚያም በዮግያካርታ ምድር ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ አዋጅ ወጣ፦

«ልጄ... ይቅርታ አድርጊልኝና... ጠበበኝ።»

ሰማይ ይወድቃል ብለን ጠበቅን። ምባክ ዊዳም «እሺ ፓክ፣ ሰፊውን ላምጣልዎት» ብላ ሄደች።

በቃ! ይኸው ነው! ስድሳ ዓመት ሙሉ የተፈራው ዘንዶ «እሺ ፓክ» ብሎ ካርቶን ሊያመጣ ሄደ። የመጣውም ጫማ ግራጫ፣ አፍንጫው ድፍን፣ መልኩ የማያምር፣ ወርዱ ግን እንደ ጀልባ የሰፋ ነበር፤ ጀግናውም ተጫምተው በሱቁ ውስጥ ዞሩ፣ ጣቶቻቸውን በውስጡ አጫወቱ፣ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ቡ ሙርያቲ ፋሻውን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው? ድል የቀመሰ ሰው! «ይህ ቱታ ይንኮሻኮሻል፣ አልፈልግም!» አሉ። «ይህ ካናቴራ ያንቀኛል፣ ሰፋ ያለ ይምጣ!» አሉ። ገንዘብ ተቀባዩ የቁልፍ መያዣ በነጻ ቢዘረጋላቸው «አልፈልግም!» ብለው አስደነገጡት፤ ዘበኛው ደኅና ዋሉ ቢላቸውም እምቢ ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

ወእምዝ ለድል ግብዣው ሁላችን ወደ ቤታቸው ገባን። ቡ ሙርያቲ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሲቀቅሉ ያደሩትን ጉደግ፣ ይኸውም በኮኮናት ወተትና በዘንባባ ስኳር የሚሠራውን ወጣችንን፣ በየሳህናችን ጨለፉ፤ እንደ ወትሮውም «እንዴት ነው?» አሉ። እኛ አመሰገንን። ጀግናው ግን አዲሱን ጫማ በበር ላይ ትተው የገቡ ቢሆኑም ድሉ ገና ከራሳቸው አልወረደም ነበርና፣ ማንኪያቸውን አስቀምጠው «ሙርያቲ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ስኳር በዝቶበታል። ድሮም ይበዛበት ነበር» አሉ። የፓክ ሰንቶት ማንኪያ በአየር ላይ ቀረ።

ቡ ሙርያቲም ጭልፋውን እንደ ሰይፍ ይዘው አወጁ፦ «የምን ስኳር? ስኳር እኮ ነጩ ነው! እሱን ሐኪሙ በተናገረ ዕለት ከቤት አስወጥቼዋለሁ። ይሄ የዘንባባ ነው፣ ከዛፍ የወረደ!» እኛም ሁላችን ራሳችንን ነቀነቅን፤ የዘንባባው ስኳር ነው ብሎ የሚያምን ሰው በመንደራችን አልነበረምና። ቀጥሎ ግን ጭልፋው በዝግታ ወረደ። «ቆይ... ድሮም ነው ያልከው? ከሠርጋችን ጀምሮ? ታዲያ ለምን ‹ጨምሪልኝ› ትለኝ ነበር?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ።»

«አንተ የማትረባ! እኔ እኮ ጣፋጭ ወጥ ነፍሴ አይወድም! እናትህ ናቸው ‹ልጄ ስኳር ካልበዛለት አይበላም› ያሉኝ! ያንተ አፍ ደስ ይበለው ብዬ ዕድሜ ልኬን እንደ መድኃኒት ስውጠው!»

ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ ቡ ሙርያቲ ሳቁ፣ ቀጥለው ፓክ ሱማርዎቶ፤ ሲስቁ ሲስቁም ቡ ሙርያቲ ማልቀስ ጀመሩ፣ በዚያች ጣት ምክንያት ይዘውት የቆዩትን ሁሉ አወጡት፤ ጀግናውም በሰው ፊት፣ በእኛ አገር በማይደረግ ነገር፣ እጃቸውን ያዙ። በዚያ ቤት ከዚያ ዕለት ጀምሮ ወጥ በጨው ብቻ ተሠራ፣ ቁስሏም ደረቀች፤ ሐኪሙም የደሙን ውጤት አይቶ መሣሪያው ተበላሽቶ እንደ ሆነ ጠየቀ።

እነሆ ፓክ ሱማርዎቶ፣ ሞዓ ይሉኝታ፣ ጠባቡን ያሳፈሩ፣ ሰፊውን ያከበሩ፣ በየእሑዱ ማለዳ በስታዲየሙ ዙሪያ በዚያ መልከ ጥፉ ጫማ፣ ካልሲያቸውን ቀይረው፣ ሆዳቸውን አስቀድመው፣ አሥሩንም ጣቶቻቸውን ይዘው ይሮጣሉ! ስማቸው ከፍ ከፍ ይበል፣ ተረከዛቸው አይላጥ፣ ትንሿ ጣታቸው ለልጅ ልጅ ትኑር! ቡ ሙርያቲም ቁም ሣጥኑን ባጸዱ ጊዜ ሦስተኛውን ጫማ በአጥር ላይ አቀብለውኝ «ይሆንዎታል?» አሉኝ። ይህን ዜና የምጽፈው እሱን ተጫምቼ ነው፤ ልክ ነው፣ እንዴት ያምራል።