ጎመንን ስለማገድና የሰው አንገት በሜትር ስለመለካት

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በ14ኛው ቀን
ቦታ፦ የስፌት ቤቱ መቁረጫ ጠረጴዛ ዙሪያ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡10 (የተጠራው ለ2፡30 ነበር)

የተገኙ፦
1. ጋሼ ቆራጩ፣ ሰብሳቢ (ካውያው ቤቱን አሙቆት ሳለ ሻርፕ ጠምጥመው)
2. እትዬ ካውያ፣ ልብስ ተኳሽ
3. ሸሚዝ ሰፊው፤ የመድኃኒት ወረቀት ማንበብ ስለሚወድ «ዶክተር» ይባላል
4. ቁልፍ ሰፊዋ፣ ጸሐፊ

ያልተገኘ፦ ሱሪ ሰፊው (ፈቃድ ሳይጠይቅ ወጥቷል)

ከስፌት ቤቱ የምሳ ኮሚቴ አምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የጸሐፊዋ ፈቃድ

ጸሐፊዋ የአንገቷ ዕጢ፣ ማለትም ታይሮይድ፣ ሰንፏል ተብሎ ስለተጠረጠረ ደም መስጠቷን፣ ውጤቱን ለመስማት 5 ሰዓት ላይ ክሊኒክ መድረስ እንዳለባት፣ ይህ ቀጠሮ ካለፋት ሌላ የምታገኘው ከሁለት ወር በኋላ መሆኑን፣ ፍርሃቱም እንቅልፍ እንደነሳት ገልጻ ፈቃድ ጠየቀች። ሰብሳቢው ጉዳዩ የሁላችንም ስለሆነ ከሥሩ መታየት አለበት በማለት አጀንዳውን ወደ መጨረሻ አዛወሩት። ጸሐፊዋ ሰዓቷን አየች።

አጀንዳ 2፦ ለዕጢ የሚስማማ የምሳ ሥርዓት

ዶክተር ጎመን ዕጢን አንቆ እንደሚይዝ ማንበቡን ጠቅሶ፣ ጎመን በስፌት ቤቱ ደጃፍ እንዳያልፍ ሐሳብ አቀረበ። የዕለቱን ምሳ ጎመን ቋጥረው የመጡት እትዬ ካውያ «አንተ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘኸውን ወረቀት ሁሉ አታንብብ!» ማለታቸው ተመዝግቧል። ዶክተር ማስረጃ ተጠይቆ፣ ወረቀቱ የተቀደደ ስለነበር ያነበበው የላይኛውን ግማሽ ብቻ መሆኑን አስረዳ።

ጸሐፊዋ እጇን አውጥታ ነርሷ የነገረቻትን አቀረበች፦ አዮዲን ያለው ጨው በልኩ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላና ምስር፣ ከአትክልቱም ከፍራፍሬውም እያፈራረቁ መብላት፤ የበሰለ ጎመንም በልኩ ከሆነ ችግር የለውም፤ ምግብ ግን ምርመራን አይተካም። ሰብሳቢው ሐሳቡ በጣም ቀላል ስለሆነ ለኮሚቴ እንደማይመጥን ገለጹ። ከረጅም ውይይት በኋላ ጎመን በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ታገደ።

በመቀጠል ሰብሳቢው ለአርአያነት አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይዘው ቀርበው፣ አራት እኩል ቦታ ለመክፈል በጠመኔ አሰመሩበት። አስኳሉ ለማን ይድረስ በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። በክርክሩ መካከል እንቁላሉ ከጠረጴዛው ላይ ታጣ። ዶክተር አስተያየት ተጠይቆ አፉ ሙሉ ስለነበር ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

ሰዓቱ 4፡05 ሆነ። ጸሐፊዋ ይህን ጮክ ብላ ተናግራለች።

አጀንዳ 3፦ የአንገት ልኬት

ሰብሳቢው የጸሐፊዋ አንገት በየሳምንቱ በሜትር እየተለካ በትዕዛዝ ደብተሩ ላይ እንዲመዘገብ ሐሳብ አቅርበው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ጸሐፊዋ እየተለካች ስለነበር ለመቃወም እጇን ማውጣት አልቻለችም። 33 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ የሚያውቅ አልተገኘም። እትዬ ካውያ እንግዲያው የሁላችንም ይለካና ይመሳከር አሉ። ተራው ሰብሳቢው ዘንድ ሲደርስ፣ ቆራጭ ሌላውን ይለካል እንጂ እሱ አይለካም ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እትዬ ካውያ «ኧረ ጋሼ፣ እኛ በላብ ስንጠመቅ እርስዎን የበረደዎት ምን ሆነው ነው?» ብለው ሻርፑን ሳቡት።

አንገታቸው ላይ፣ በግራ በኩል፣ የካፖርት ቁልፍ የሚያህል እብጠት ታየ። ካውያው ተረስቶ የሙሽራ ሱሪ አቃጠለ።

ሰብሳቢው ካስተዋሉት ስምንት ወር እንደሆናቸው ተናገሩ። ለምን ዝም እንዳሉ ሲጠየቁ «ፈራሁ» አሉ። ሁላችንም ደህና ደህና ምግብ ከበላን በዚያው ይጠፋል ብለው ይህን ኮሚቴ ማቋቋማቸውን አክለው አስረዱ። እትዬ ካውያ «እኔን፣ ጋሼ!» ብለው ዓይናቸውን በሻርፑ ጠረጉ። ጸሐፊዋም ትንሽ አልቅሳለች፤ ቃለ ጉባኤው እዚህ ላይ የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

ውሳኔ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጭር ውይይት በኋላ የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ጎመን ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሜትሩም ወደ ጨርቁ። እንቁላሉን መመለስ ስለማይቻል ታልፏል። ጸሐፊዋ ፈቃድ ተሰጥቷታል፤ ሰብሳቢውን ይዛ ትሄዳለች።

ስብሰባው 4፡31 ላይ ተበተነ።

ተጨማሪ፦ ይህ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ያለቀው በክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ልክ 5 ሰዓት ላይ የጸሐፊዋ ስም ተጠራ። ጸሐፊዋ ግን ከመነሣት ይልቅ ይህን መስመር መጻፏን ቀጠለች። ሰብሳቢው እጇን ያዙና «ልጄ፣ አብሬሽ ልግባ? ከዚያ ደግሞ አንቺ ከእኔ ጋር ትገቢያለሽ» ሲሉ ጠየቁ።

ፈቃድ ተሰጥቷቸዋል።